ተራ የማይጠብቀው ጨዋታ

ዐፄ ልብነ ድንግል ሰንጠረዥ ይጫወቱ ነበር። አብሯቸው የሚቀመጠው ቢቺኒ የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ ነው። ወሬውን ያስቀረልን አሌሳንድሮ ዞርዚ ነው፤ እሱም ቬኒሳዊ። ዞርዚ ኢትዮጵያን በዓይኑ አላያትም። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከዚህ አገር ወደ ጣልያን የተሻገረ ሰው ባገኘ ቁጥር አስቀምጦ ይጠይቃል፤ መንገዱ ስንት ቀን ያስኬዳል፣ ገዳማቱ የት የት ናቸው፣ ንጉሡ ምን ዓይነት ሰው ናቸው። ከተነገረው ሁሉ መካከል የንጉሡ ጨዋታም ባሕር ተሻግሮ መድረሱ ደስ ይለኛል። ስለ ነገሥታት ሲወራ ጦርነትና ግብር እንጂ ጨዋታ ብዙ ጊዜ አይነሣም።

የንጉሡ ግቢ በዚያን ዘመን ድንኳን ነበር። ቅድመ አያታቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሌሊት ሰማይ ላይ የታየውን ብርሃን ምልክት አድርገው ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው፣ የዘመናቸውን ማብቂያ እዚያው ተቀምጠው አሳልፈዋል። ልጅ ልጆቻቸው ግን እንደገና ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1520 በመጡ ጊዜ ልብነ ድንግልን ያገኟቸው ሸዋ ውስጥ ከሰፈሩበት ነው። የሸዋን ደጋ ብርድ የሚያውቅ ሰው፣ በድንኳን ውስጥ ረጅሙን ማታ በምን እንደሚያሳልፉት ለመገመት አይቸገርም።

ሰንጠረዥ ከሕንድ ተነሥቶ፣ በፋርስ አልፎ፣ ዐረቦች ሸጥረንጅ ብለውት ወደ እኛ የደረሰ ጨዋታ ነው። አውሮፓውያን በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ደንቡን ለወጡት፤ ንግሥቷን ከዳር እስከ ዳር እንደ ልቧ የምትሄድ አደረጓት። እኛ በአሮጌው ጸናን። በእኛ ሰንጠረዥ ንግሥት የለችም። ከንጉሡ ጎን የሚቆመው ፈርዝ ነው፤ አማካሪ ማለት ነው፣ እርምጃውም አጭር። ፊል ዝሆን ነው፤ በሰያፍ ሁለት ቤት ዘሎ ያርፋል። በዚህ ዝላዩ ከ64ቱ ቤቶች ዕድሜ ልኩን ሊረግጥ የሚችለው 8ቱን ብቻ ነው። ምስኪን ዝሆን! ፈረሱ ዛሬ ቼዝ ላይ እንደምናውቀው ነው። ደር፣ የቼዙ ሩክ፣ ዳርና ዳር ይቆማል፤ ተራ ወታደሮቹ መደቆች ከፊት ይሰለፋሉ። ገበታው ጥቁርና ነጭ የተዥጎረጎረ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ጥብጣብ ይሰመራል። ሁለቱ ንጉሦች ፊት ለፊት አይተያዩም፤ እያንዳንዱ ከባለቤቱ መሐል መስመር በስተ ቀኝ ይቆማል።

ጨዋታው ሲጀመር ተራ የለም። ይህችን ነገር አጥብቄ ልያዛት፤ ኋላ እንመለስባታለን። ዛሬ ቼዝ የሚጫወት ሰው አንድ ጊዜ አንቀሳቅሶ እጁን ይሰበስባል፣ ባላጋራው እስኪያንቀሳቅስ ይጠብቃል። በሰንጠረዥ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ። አንዱ የፈለገውን ያህል ጊዜ፣ እጁ በቻለው ፍጥነት ይደረድራል፤ ሌላውም እንዲሁ። እጅ የራስ ፈረስ ላይ ነው፣ ዓይን የሰው እጅ ላይ። ደሩን ወደዚያ ሲያዞር አየኸውና መደቅህን ትገፋለህ፤ ያንን አይቶ እሱ መልሶ ያዞራል። ይህ ክፍል ወረራ ይባላል። የሚያበቃው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነው፤ ተራ የሚባለው ነገር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጦርነቱስ እንዲሁ አልነበረም? ክተት ከታወጀ በኋላ ማን ለማን ተራ ይሰጣል?

ማሸነፍም ወግ ነበረው። ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ ያጠመደ ሰው አሸነፈ ይባላል፤ ግን ማንም አያደንቀውም። በደካሞቹ፣ በፊል ወይም በመደቅ የጨረሰ ነው የሚወደስ። ሠራዊቱ አልቆ ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም፤ ጨዋታው እኩል ሆኖ ይነሣል። ከንጉሡ ሌላ አንድ ጠጠር ብቻ የቀረው ተጫዋች ካለ ደግሞ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ባላጋራው መጨረስ አለበት። አለዚያ ድሉ አመለጠው።

ይህን ሁሉ ጠንቅቀው የጻፉልን ወደ ሰሜን የመጡ እንግሊዞች ናቸው። ሄንሪ ሶልት የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ላይ ሲቀመጡ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1814 ባሳተመው መጽሐፉ ተረከው። እ.ኤ.አ. በ1843 አገራችን የገባው፣ ኋላ የእንግሊዝ ቆንስል የሆነው ዋልተር ፕላውደን ደግሞ የጠጠሮቹን ስምና የአሸናፊነቱን ማዕረግ ሳይቀር ዘረዘረው። ከጽሑፎቹ ሁሉ የሚወጣው ድምፅ ጫጫታ ነው። ጨዋታው የሁለት ሰው አልነበረም። ዙሪያውን የተቀመጠው ሁሉ ይመክራል፣ ይጮኻል፣ «ኧረ ደሩን!» ይላል። ዝም ብሎ የሚያይ ተመልካች አልተገኘም።

በዚያው ዘመን በአንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847። አንድ ቦታ አይረጉም፤ ከአንኮበር ወደ አንጎለላ፣ ከቁንዲ ወደ ደብረ ብርሃን ይዘዋወራሉ። ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፕፍ ሲመጣ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩር ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ1841 የመጣው ሻምበል ሃሪስ 300 ጠመንጃ አሰልፎ ንጉሡ ፊት አስቀመጠ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር የወዳጅነት ውል ተፈረመ። ንጉሡ ለመሣሪያ ሁሉ ልባቸው ይከፈት ነበር። የአንኮበር ቀጥ ያለ አቀበት በግመል አይወጣም፤ ከቆላ በግመል የመጣው ዕቃ በሰውና በበቅሎ ጀርባ እየተጎተተ ነው ቤተ መንግሥቱ የሚደርሰው። ከአፋር በረሃ ማዶ የተሠራ ማንኛውም ነገር ወደ ሸዋ የገባው በዚያች አቀበት ነው። ኮምፒውተር ቢሆንም ያን ጊዜ በዚያው ይመጣ ነበር፣ ልል ፈልጌ ነው።

ከቤተ መንግሥቱ ሥር፣ በእርሻውና በግጦሹ፣ ሌላ ጨዋታ አለ። ገበጣ እንደ ሰንጠረዥ ጨርቅም የዝሆን ጥርስ ጠጠርም አይፈልግም። እረኛ መሬት ላይ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ጠጠር ይለቅማል፣ ከብቱ እስኪጠግብ ይጫወታል። ደንቡ ከቀዬ ቀዬ ይለያል፤ አንዱ ሁለት ረድፍ ይቆፍራል፣ ሌላው ሦስት። ጠጠሩን እያዞሩ መዝራትና መሰብሰብ ሆኖ፣ መሠረቱ ቁጥር ነው። አፍሪካን ዞሮ፣ እስያ ገብቶ፣ በሄደበት ሁሉ ስሙን ቀይሮ የሚኖር ጨዋታ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በአንጎለላ ተወለዱ፤ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። ዐፄ ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1855 ሸዋን ሲይዙ ልጁን ማርከው ወደ ሰሜን ወሰዷቸው። ምኒልክ አሥር ዓመት ያህል ቆይተው ከመቅደላ አምልጠው አንኮበር ገቡ። ከዚያ የሆነውን አንባቢ ያውቀዋል። ለእኛ ነገር የሚያስፈልገው እቴጌ ጣይቱ በገና እንደሚደረድሩት ሁሉ ሰንጠረዥም ያውቁ ነበር መባሉ ነው። ከግቢ ወይዛዝርትም ባላጋራ ሳያጡ አልቀሩም።

እ.ኤ.አ. በ1876 የማርኪዝ አንቲኖሪ ጉዞ ከአንኮበር ሥር ልጥ ማረፊያ ላይ ሰፈረ። የጣልያን ጂኦግራፊ ማኅበር ሰዎች አዕዋፍ ይሰበስባሉ፣ ዝናብ ይለካሉ፣ ለአገራቸውም ያወሳሉ። አንቲኖሪ እ.ኤ.አ. በ1882 እዚያው ሞቶ ተቀበረ። ካርታ ወደ ሸዋ በማን ኮሮጆ እንደገባ አልምልም፤ ስሙ ራሱ ግን ከጣልያንኛው ጋር አንድ ነው። በአማርኛ ካርታ ብዙ ነገር ተሸክሟል፤ የአገር ሥዕል ካርታ ነው፣ የቤት ባለቤትነት ማስረጃ ካርታ ነው፣ ተበውዞ የሚታደለው 52ቱ ወረቀትም ካርታ ነው። ሰው «ካርታዬን አጣሁ» ብሎ ሲጮህ ቤቱን ይሁን ጨዋታውን ያጣው መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ሌሊት ያጣም አለ።

ከዚያ 1928 ዓ.ም. መጣ። ጣልያን አዲስ አበባ ገባ፤ ሰሜን ሸዋ ዱር ገባ። ኃይለ ማርያም ማሞ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ተዋጉ፤ ራስ አበበ አረጋይ በአንኮበርና በመንዝ ገደላ ገደል አምስት ዓመት ተዋጉ። ሰንጠረዥ የሞተው በዚያ ሰሞን ነው። ጨዋታው ግቢ ይፈልግ ነበር፤ ቀይ ጨርቅ የሚያነጥፍ፣ ከግብር በኋላ ሰዓት የሚተርፈው፣ ዙሪያውን የሚጮህ ባለሟል ያለው ቤት ይፈልግ ነበር። እነዚያ ቤቶች ተቃጠሉ፣ ሰዎቹም ግማሹ ሞቶ ግማሹ ተሰደደ። በ1933 ዓ.ም. ነፃነት ሲመለስ ግቢው ተመለሰ፣ ሰንጠረዡ አልተመለሰም።

ገበጣ ግን አልሞተም፤ ጉድጓድ ማን ያቃጥላል? ካርታና ካራምቡላ በየከተማው ቡና ቤት ጠረጴዛና ጓዳ አገኙ። ዳማም በየደጁ ተስፋፋ። የዳማ ጠጠር የቢራና የለስላሳ ቆርኪ ነው፤ አንዱ ገልብጦ ሌላው አቅንቶ ይሰልፋል፣ ሰሌዳው ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ ይሰመራል። ደብረ ብርሃን ብርዷ ስለሚያስቀምጥ፣ አረቄዋም ስለሚያግዝ፣ ለእንዲህ ያለ ነገር የተፈጠረች ከተማ ናት። ጠዋት ጭጋጉ እስኪገፈፍ ሁለት ጨዋታ ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1971 ታሪክ አጥኚው ሪቻርድ ፓንክኸርስት ሁለት ረጃጅም ጽሑፎች አወጣ። አንዱ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት የወጣው የሰንጠረዥ ታሪክና ደንብ ነው፤ ሌላው በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የወጣው የገበጣ ዓይነቶች ስብስብ ነው። ጊዜው ገና አላመለጠም ነበር። ፓንክኸርስት ተጓዦቹ የጻፉትን አንድ በአንድ አገናኝቶ፣ የወረራውን ደንብ፣ የፊሉን ዝላይ፣ የቀዩን ጨርቅ ጥብጣብ በወረቀት አሰፈረው። ሰንጠረዥ ከጣልያን ወረራ በኋላ ጠፋ ብሎ የጻፈውም እሱ ነው። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨዋታው ተጫዋች የሌለው፣ ደንብ ብቻ ያለው ነገር ሆነ። ለኮምፒውተር ደግሞ ከዚህ የሚጥም ምግብ የለም። ኮምፒውተር የሚጠይቀው ደንብ ነውና።

በባሕር ማዶ መኪናዎቹ፣ ኮምፒውተሮቹን ማለቴ ነው፣ መጫወት ጀምረው ነበር። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሚያጠኑ ሰዎች ካላ የሚባለውን የገበጣ ዝርያ ለኮምፒውተር አስተማሩት፤ ቁጥርና ጉድጓድ ስለሆነ ቀለላቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ፖል አልፊል የሚባል የሕክምና ተማሪ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ፕላቶ በሚባል የኮምፒውተር መረብ ላይ አንድ የካርታ ጨዋታ ጻፈ። ፍሪሴል ይባላል። ሰው ከራሱ ጋር የሚጫወተው ካርታ ነው፤ የሚያድለው መኪናው፣ የሚለይበት ራስ።

እ.ኤ.አ. በ1988 ማይክሮሶፍት ውስጥ ለልምምድ የገባ ወስ ቼሪ የሚባል ወጣት ሶሊቴርን ጻፈ። የካርታዎቹን ሥዕል የሠራችው ሱዛን ኬር ናት፤ የአፕል ማኪንቶሽን ትንንሽ ሥዕሎች የነደፈችው ሠዓሊ። ጨዋታው በ1990 እ.ኤ.አ. በግንቦት ከዊንዶውስ 3.0 ጋር ወጣ። ቼሪ በሥራው አንድም ተጨማሪ ክፍያ አላገኘም። ካርታው የተጨመረው ለመዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ማውስ መያዝ አያውቅም ነበርና አንዱን ዕቃ በማውስ ይዞ ጎትቶ ሌላው ላይ መጣልን እንዲለምድ ነው። ካርታው የሚያስተምረው ያንን ነው፤ ቀዩን ሰባት ያዝ፣ ጎትት፣ ጥቁሩ ስምንት ላይ ጣል። ቼሪ መጀመሪያ አለቃ ሲመጣ ጨዋታውን በሥራ ገጽ የምትሸፍን አንዲት ቁልፍ ጨምሮበት ነበር። ኩባንያው አስወጣት።

እኔ ኮምፒውተር የነካሁት በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ደብረ ብርሃን ውስጥ ከአንድ ማሠልጠኛ ነው። ክፍሉ የአንድ ሱቅ ያህል ነው፤ አራት ኮምፒውተር፣ ሦስቱ የሚሠሩ። የመጀመሪያውን ሳምንት አስተማሪው ወርድም ኤክሴልም አላስከፈተንም። «ካርታ ተጫወቱ» አለን። እናቴ ምን ተማርህ ብትለኝ ካርታ አልላትም ነበር፤ በእኛ ሠፈር ካርታ የሚጫወት ልጅ ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ ነው። የጣቴ መንቀጥቀጥ የተወኝ ግን በሶሊቴር ነው። መጀመሪያ ያሸነፍሁ ቀን ካርታዎቹ እየዘለሉ ከመስኮቱ ሥር ሲወድቁ ሦስታችንም ተነሥተን ቆመን አየን። አንዱ «ይሄ ነገር ተበላሸ እንዴ?» አለ።

የፍሪሴልም ወሬ ደረሰን። ጂም ሆርን የሚባል የማይክሮሶፍት ሰው ለዊንዶውስ ሲያዘጋጀው 32,000 ቁጥር የተሰጣቸው ዕደላዎች አደረገው። ከእነዚያ መካከል 11982ኛዋን የፈታ ሰው የለም። ሌሎቹ ሁሉ ተፈትተዋል። ይህን የሰማ አንድ ጓደኛችን ሦስት ቀን 11982 ላይ ተቀመጠ። አልፈታትም፤ የከፈለው ገንዘብ ግን አለቀበት።

በዚያው ዐሥር ዓመት ኮምፒውተር ከማሠልጠኛው ወጥቶ ቢሮ ገባ። ወረዳ ኔት የሚባለው የመንግሥት መረብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ወረዳዎችን በሳተላይት ሲያገናኝ መኪናው እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ወረደ። ከኮምፒውተሩ ጋር ሶሊቴርም ገባ፤ ማንም ሳያዝዘው፣ በጀት ሳይያዝለት። ምሳ ሰዓት፣ መብራት መጥቶ ባለጉዳይ ሳይመጣ፣ መስኮቱ ላይ አረንጓዴው ሜዳ ይዘረጋል። ከቼሪ ጨዋታ የወጣውን ቁልፍ የእኛ ሰው በራሱ ዘዴ ተካው። ኤክሴልን ከኋላ ከፍቶ ያኖራል፤ ኮቴ ሲሰማ ጨዋታውን ዝቅ፣ ኤክሴሉን ከፍ። የደመወዝ ዝርዝር፣ የግብር ዝርዝር፣ ረድፍና ዓምድ።

ያንን ረድፍና ዓምድ በአማርኛ ምን እንደምንለው ልብ በሉ። ሰንጠረዥ። ጨዋታው ሲሞት ስሙ ሜዳ ላይ ወድቆ ነበር፤ መምህራንና ሒሳብ ሠራተኞች አነሡት። አራት ማዕዘን ቤቶች የተሰመሩበት ማንኛውም ነገር ሰንጠረዥ ሆነ። ጨዋታውን ዛሬ ቼዝ እንለዋለን፤ ፌዴሬሽኑም የቼዝ ፌዴሬሽን ነው። እንግዲህ በዚያ ቢሮ የሆነው ነገር ይህ ነው፤ ሰዎች ጨዋታን በሰንጠረዥ ይደብቁ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን?

እዚህ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2006 የኒውዮርክ ከንቲባ አንድ የከተማውን ሠራተኛ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ሶሊቴር ተከፍቶ ስላዩ፣ ከሥራ አሰናበቱት። ወሬው ዓለምን ዞረ። እኛ ዘንድ ቢሆን ተመካክረው ያልፉት ነበር፤ «ቀዩን ሰባት አንሣና እዚያ አድርገው» የሚል የሥራ ባልደረባ ከትከሻ በላይ ቆሟልና። ሶሊቴር ማለት የብቸኛ ማለት ነው። ብቻውን የሚጫወት ሰው ግን በእኛ ቢሮ አላየሁም። ጨዋታው የአንድ ሰው፣ ምክሩ የአምስት።

ሞባይል አዲስ አበባ የገባው በ1991 ዓ.ም. ነው። ወደ ሰሜን ሸዋ ደጋ እስኪወጣ ጥቂት ዓመታት ፈጀ። ሲመጣም ብዙው ሰው የያዘው ኖኪያ ነበር። 3310 በሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2000 በወጣው ስልክ ላይ እባቧ አለች፤ እሷን የማያውቅ የለም። ከእባቧ ጎን ባንቱሚ የሚባል ጨዋታ ነበር፤ ስድስት ጉድጓድ ወዲህ፣ ስድስት ወዲያ፣ ዳርና ዳር ማከማቻ። ገበጣ ነው! ፊንላንድ ዞሮ፣ ባንቱሚ ተብሎ፣ በኪሳችን ተመልሶ መጣ። ከአንኮበር ሥር ከብት ሲጠብቅ ጉድጓድ የቆፈረ ልጅ አድጎ ያንን ስልክ ሲገዛ ጨዋታውን ከፍቶ «ይሄ የፈረንጅ ነገር አይገባኝም» ብሎ ዘግቶታል። ስሙ ገበጣ ቢባልና ድምፁ የጠጠር ቢሆን ኖሮ አይዘጋውም ነበር፣ ባይ ነኝ።

ሰንጠረዥም በዚያ ሰሞን ወደ መኪናው እየቀረበ ነበር። ጨዋታ መሰብሰብ የሚወዱ ፈረንጆች የፓንክኸርስትንና የፕላውደንን ጽሑፍ አንብበው ደንቡን አሰራጩት። እ.ኤ.አ. በ1998 ዚሊየንስ ኦቭ ጌምስ የሚባል ፕሮግራም ወጣ፤ ጄፍ ማሌትና ማርክ ሌፍለር የሠሩት ነው። የአብዛኛውን የገበታ ጨዋታ ደንብ ከጻፍህለት መኪናው አንብቦ ይጫወትሃል። ከ20 ዓመት በኋላ የማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ በካመረን ብራውን መሪነት የዓለምን ጥንታዊ ጨዋታዎች በኮምፒውተር ደንብ የሚመዘግብ ሉዲ የሚባል ሥራ ጀመረ፤ ከአገራችንና ከኤርትራ የተሰበሰቡ የገበጣ ዓይነቶች እዚያ አሉ፤ በየመጡበት ቦታ ስም ተጠርተው።

ገበጣ ለመኪና ይመቻል። ሰንጠረዥ የሚቸግረው በአንድ ነገር ነው፤ በወረራ። እንዲህ ያለ ፕሮግራም መጀመሪያ የሚጠይቅህ ተራው የማን እንደሆነ ነው። አንተ ታንቀሳቅሳለህ፣ እሱ ያንቀሳቅሳል። «እኩል እንጀምር፣ እጅህ እስከቻለ ሂድ» የሚለው ነገር ለመኪናው ትርጉም የለውም። ቢገባውስ? መኪናው በአንድ ሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ ሊያንቀሳቅስ ይችላል፤ አንተ ፈረስህን እስክታነሣ እሱ ሠራዊቱን አሰልፎ፣ በልቶ፣ ጨርሶ ቁጭ ይላል። ወረራ የሚሆነው ሁለቱም የሰው እጅ ሲሆኑ ነው፤ ሁለቱም ሲደክሙ፣ ሁለቱም ሲሳሳቱ፣ አንዱ የሌላውን ዓይን ሲያይ።

ዊንዶውስ 8 እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ሶሊቴርን ሳይዝ መጣ፤ ብዙ ሰው ተቆጣ። ዊንዶውስ 10 እ.ኤ.አ. በ2015 መለሰው፣ ማስታወቂያ ጨምሮበት። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ የቪዲዮ ጨዋታዎች የክብር አዳራሽ ገባ። እኛ ዘንድ ደግሞ የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተ ወዲህ ከተማዋ ወጣት በወጣት ሆናለች፤ ካርታው ከቢሮው ኮምፒውተር ወጥቶ ወደ ስልክ ገብቷል። በየካፌው አራት ልጆች አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አራቱም ስልካቸው ላይ አጎንብሰው አያለሁ። አንዳንዴ እርስ በርስ ነው የሚጫወቱት፤ አንዱ ስልኩን ሳይለቅ «አንተ ሌባ!» ሲል ነው የሚታወቀው።

ባለፈው ክረምት አንድ የታሪክ መምህር ከነበሩ ጡረተኛ ጋር ስለ ወረራ ስናወራ «ለምን አንሞክረውም?» አሉኝ። ጋሼ ቼዝ አዋቂ ናቸው። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባን፤ ባለቤቷ ልጅ ታውቀናለች። ኤክሴል ከፈትሁና ስምንት በስምንት ሰንጠረዥ ሠራሁ። ቤቶቹን ቀይ ቀባኋቸው። በየቤቱ ፊደል ጻፍሁ፤ ን ለንጉሥ፣ ፈ ለፈረስ፣ ደ ለደር፣ ፊ ለፊል፣ ር ለፈርዝ፣ መ ለመደቅ። ንጉሦቹን በየቀኛቸው አቆምኋቸው። ጋሼ አንድ ፊደል ቆርጠው ሌላ ቤት ላይ ለጠፉ። እኔ ልቀጥል ስል ማውሷ በእሳቸው እጅ ናት። ሰጡኝ፤ እኔ ስወስድ እሳቸው ጠበቁ። ተራ ሆነ! ሳናውቀው ተራ ሆነ። ማውሷ አንዲት ናት።

ልጅቱ ሳቀችና «ላትመውላችሁ?» አለች። አተመችው። ከአጠገቡ ካለ ካፌ 32 ቆርኪ ለቀምን፤ የአምቦ ውኃ ለእኔ፣ የቢራ ለጋሼ። በየቆርኪው ውስጥ ፊደል የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ለጠፍን። ባንኮኒው ላይ ዘረጋነውና «በሉ» ተባባልን።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እጃችን ተጋጨ። ጋሼ በሁለት እጃቸው ሲያሰልፉ እኔ በአንድ እጄ ነበርሁ። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሡ የመጡ ሁለት ተማሪዎች ቆሙ፤ አንዱ ደንቡን ሳያውቅ «ደሩን፣ ደሩን!» ማለት ጀመረ። ልጅቱ ማሽኑን ትታ መጣች። ጋሼ ፊላቸውን አስዘለሉ፤ እኔ በዚያችው ቅጽበት መደቄን ገፍቼ ፈረሳቸውን አነሣሁ። ሁለታችንም የሰው ቆርኪ በእጃችን ይዘን ተፋጠጥን። ወረራው የሚያበቃው ቀድሞ በበላው ነው። እሳቸው «እኔ ነኝ» አሉ፤ እኔ «እኔ ነኝ» አልሁ። ተማሪዎቹም ለሁለት ተከፈሉ። እስካሁን አልተስማማንም።